አሥራ ስምንቱ ቋጠሮ

አንድ ገመድ ጣይ ነበር። ስሙ ድረስ ይባላል። ሥራው በተራራ ጥግ በተቆረቆረች አንዲት ከተማ ለቤት መሥሪያ የሚሸጠውን ቦታ መለካት ነው። ከተማዋ ከቃጫ የተገመደ አንድ ገመድ አላት፤ ከዚያ ሌላ መለኪያ የላትም። ቦታ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ድረስ ገመዱን በአራቱ ጎን አንድ አንድ ጊዜ ዘርግቶ በየማዕዘኑ የድንበር ድንጋይ ይተክላል። በድንጋዮቹ መካከል ያለው መሬት «አንድ ገመድ» ይባላል። ዋጋው ከተማዋ ስትቆረቆር የአንድ ጥማድ በሬ ዋጋ ነበር፤ ዛሬም ያው የአንድ ጥማድ በሬ ዋጋ ነው። ሽማግሌዎቹ በዚህ በጣም ይኮራሉ። «በሌላ አገር ሁሉም ነገር ጨመረ ሲባል እንሰማለን። እኛ ዘንድ መሬት አንዲት ሳንቲም አልጨመረም» ይላሉ።

ከተማዋ አንድ የቆየ ደንብም አላት። ክረምት ሲገባ ከቤት ክዳን የሚወርደው ጠፈጠፍ በባለቤቱ መሬት ላይ ብቻ መውደቅ አለበት። ጠፈጠፉ የጎረቤትን መሬት የመታበት ሰው ቤቱን ያፈርሳል። ደንቡ ብዙ ጠብ ስላስቀረ የሚቃወመው የለም።

ችግሩ የወጣቶቹ ነበር። አባቶቻቸው በአንድ ገመድ መሬት ላይ ቤት ሠርተው፣ ልጅ አሳድገው፣ ከጓሯቸው ጎመን እየቆረጡ ኖረዋል። ወጣቶቹ ግን የአባታቸውን ቤት የሚያህል ቤት በአንድ ገመድ መሬት ላይ ሲያቅዱ ጠፈጠፉ ከድንበር ያልፍባቸዋል። ስለዚህ ሁለት ገመድ መግዛት ግድ ነው። የሁለት ጥማድ በሬ ዋጋ የሚያገኝ ወጣት ደግሞ ከአሥር አንድ ቢኖር ነው። የቀሩት በሰው ጓሮ በደባልነት ይኖራሉ፤ ሠርጋቸውንም ከዓመት ዓመት ያሸጋግራሉ።

ሽማግሌዎቹ የችግሩን ምክንያት እናውቃለን ባዮች ነበሩ። ከሁሉም ይበልጥ እርግጠኛው አያ ጎሹ ናቸው። አያ ጎሹ በመንገዱ ዳር ካለው ከራሳቸው የድንበር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ወጣት መገሠጽ ይወዳሉ። «ይቺን ጫማ ስንት ገዛሃት?» ይላሉ። ወይም ደግሞ «ያ ጥለቱ የሚያንጸባርቀው ኩታ ያንተ ነው? እኔ ባንተ ዕድሜ የለበስኩት አቡጀዲ ነው፤ ግን ቤት ነበረኝ። በአንድ ገመድ! እናንተ ሁለት ገመድ ካልሆነ አይበቃንም ትላላችሁ። ቅምጥሎች!»

«አያ ጎሹ፣ የምንሠራው እኮ የእርስዎን ቤት የሚያህል ነው» ብሎ የሚመልስ ሲገኝ፣ መልሳቸው አንድ ነው። «የእኔን የሚያህል ቢሆን ኖሮ አይገባም ነበር? የእኔ ገብቶ የለ!»

ለድረስ ነገሩ ከሌላው ሰው ይልቅ የሚያም ነበር፤ ምክንያቱም የአያ ጎሹን ልጅ አንጓችን አጭቷል። አያ ጎሹም ቁርጡን ነግረውታል። «ልጄን በደባል ቤት አላስገባትም። ክረምት ሳይገባ ቤትህን ክደን። ካልሆነ ሽማግሌ የላከ ሌላ ሰው አለ።»

ድረስ አንዱን ገመድ መሬት ከከተማዋ ዳር ገዝቷል። ለዚያ ብቻ አራት ዓመት ፈጅቶበታል። ሁለተኛውን ለመግዛት ሌላ አራት ዓመት ያስፈልገዋል፤ ክረምት ሊገባ ግን የቀረው አምስት ወር ነው።

ድረስ ከሰው ይልቅ ራሱን የሚጠረጥር ልጅ ነበር። አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ለክቶ፣ ሦስቱም ጊዜ እኩል ሲመጣለት፣ «ሦስቱንም ጊዜ ተሳስቼ ይሆን?» የሚል ዓይነት። ስለዚህ አያ ጎሹ «የምታባክነው ነገር አለ» ሲሉት ወዲያው አመናቸው። መጀመሪያ ጠጅ ተወ። ቀጥሎ ሥጋ ተወ። ጫማውን አራት ጊዜ አስጠገነ፤ ጠጋኙ በመጨረሻ «ወንድሜ፣ ከዚህ ወዲያ የምጠግነው ጥገናውን እንጂ ጫማውን አይደለም» አለው። እንዲያም ሆኖ ሁለተኛው ገመድ አልቀረበለትም። እሑድ እሑድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ራሱን ይመረምራል፦ «ባለፈው ሳምንት የገዛኋት ሸንኮራ ትሆን? መቼም አንድ የማባክነው ነገር አለ። ባይኖርማ ቤት ይኖረኝ ነበር።»

ጓደኛው ካሴ ግን እንዲህ ያለ ጭንቀት አያውቅም። ካሴ የሠራውን ሁሉ ጠጅ ቤትና ልብስ ሰፊ ቤት ያደርሳል። አንድ ቀን ድረስ ደረቅ ቆሎውን እየቆረጠመ በጠጅ ቤቱ ደጃፍ ሲያልፍ ካሴ ብርሌውን እንደያዘ ጠራው።

«ና እንጂ፣ አንድ ብቻ ቅመስ።»

«ተውኩ እኮ።»

«መቼ ነው የተውከው?»

«ሦስት ዓመት ሆነኝ።»

«ቤት ሠራህ?»

ድረስ የያዘውን ቆሎ ወደ ኪሱ መለሰ።

«እኔም አልሠራሁም» አለ ካሴ። «አንተ ሳትጠጣ ቤት የለህም፤ እኔ ጠጥቼ ቤት የለኝም። እስቲ ፍረድ፣ ከሁለታችን ማን ይሻላል?»

ጠጅ ቤቱ በሳቅ አወካ። ድረስም ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ግን መንገዱን ሙሉ ጥያቄው አልለቀቀውም፤ ካሴ ለቀልድ የጠየቀውን እሱ የምር ወሰደው። ቢያገላብጠው ቢያገላብጠው መልስ ያጣለት ጥያቄ ነበር።

በጥር ወር የአያ ጎሹን አጥር ምስጥ በልቶ ጣለው። አያ ጎሹ አዲስ አጥር ከማጠራቸው በፊት ድንበራቸው እንዲረጋገጥ ፈለጉ፤ ያስለኩትም የገዛ አማቻቸው ሊሆን ባለው ሰው ነው። ድረስ ገመዱን ከአንዱ የድንበር ድንጋይ አስሮ ወደ ሁለተኛው ጎተተ። ገመዱ ድንጋዩ ጋ ሳይደርስ አለቀ። የቀረው ርቀት ትንሽ አልነበረም። ድረስ በክንዱ ለካው፤ ዘጠኝ ክንድ ነው።

ደገመው። ዘጠኝ ክንድ። ሌላውን ጎን ለካ። ዘጠኝ ክንድ። ፊቱ በላብ ተጠመቀ።

«ምነው ልጄ፣ አሞሃል?» አሉ አያ ጎሹ።

«አይ... አያ ጎሹ... ቦታዎ ከአንድ ገመድ ይበልጣል።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«በየጎኑ ዘጠኝ ዘጠኝ ክንድ ትርፍ አለው።»

አያ ጎሹ ከድንጋያቸው ብድግ አሉ። «ስማ አንተ! እነዚህ ድንጋዮች የተተከሉት ዓይኔ እያየ ነው፤ በዚሁ በያዝከው ገመድ! አንዲት ስንዝር አልገፋኋቸውም። ሴት ልጄን ልስጥህ ስልህ ሌባ ልትለኝ መጣህ?»

«ሌባ አላልኩም...»

«ታዲያ ትርፉን ከየት አመጣሁት?»

ድረስ ለጊዜው ሊያገኝ የቻለው ብልሃት የጎረቤትየውን ቦታ መለካት ብቻ ነበር፤ አያ ጎሹ ድንጋይ ገፍተው ከሆነ የጎረቤትየው ቦታ ማነስ አለበት። ጎረቤትየው አያ ውድነህም ከቆርቋሪዎቹ አንዱ ናቸው። የእሳቸውንም ቦታ ለካ። ዘጠኝ ክንድ ትርፍ። አልፎ ያለውን ለካ። ዘጠኝ ክንድ ትርፍ።

በማግሥቱ አንጓችን ምንጭ መንገድ ላይ አገኛት። ወሬው ቀድሞት ደርሷታል።

«አባቴን ሌባ አልከው አሉ።»

«በምን አንደበቴ! ግን ልኬቱ...»

«አያ ውድነህስ?»

«እሳቸውም ዘጠኝ ክንድ።»

«ከዚያ ወዲያ ያሉትስ?»

«እነሱም።»

አንጓች እንስራዋን መሬት አስቀምጣ ሳቀች። «አንተ ሰው! ሁሉም ከሰረቁ ከማን ነው የሰረቁት? አንዱ የሌላውን ከወሰደ አንዱ ይበልጣል፣ ሌላው ያንሳል። ሁሉም በአንድ ሌሊት ተነሥተው እኩል ዘጠኝ ክንድ ሰረቁ ልትለኝ ነው? አባቴን እንኳ ተወው፤ ወንበር ለመግፋት የሚያቃስት ሰው አራት ድንጋይ ይገፋል?»

«እኔም እኮ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ...»

«እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ራስህን ተውና ሌላ ነገር ጠርጥር» አለችው። እንስራዋን ተሸክማ ሄደች።

ድረስ ቤቱ ገብቶ ገመዱን ወለሉ ላይ ዘረጋው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ገመድ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ገመድ ጣይ ሲያረጁ በእጃቸው ነው ያስረከቡት። ገመዱ በድንጋይና በእሾህ ላይ ሲጎተት አልፎ አልፎ ይበጠሳል፤ በተበጠሰ ቁጥርም ይቋጠራል። ይህን የማያውቅ የከተማዋ ሰው የለም። ድረስ ቋጠሮዎቹን ቆጠረ። አሥራ ስምንት ናቸው። አሥራ አንዱ የአሮጌው ሰውዬ፣ ሰባቱ የራሱ።

በራሱ ቋጠሮዎች ይኮራ ነበር። እንዳይላሉ ሁለት ጊዜ አጠማዝዞ፣ በጥርሱ ስቦ ነው የሚያጠብቃቸው። አሁን አንዱን በጣቶቹ መካከል ይዞ አገላበጠው። ወፍራም ነው፤ ጡንቻ ይመስላል። ይህን ያህል ውፍረት ከየት መጣ? ወሰድ መለስ እያለ የተጠመጠመው ቃጫ ራሱ የገመዱ ርዝመት ነው። ሌባው በእጁ ውስጥ ነበር። ከሌባውም አሥራ ስምንት እጆች ሰባቱን ያሠለጠነው እሱ ራሱ ነው።

ገመዱን ለመፍታት ግን ሥልጣን የለውም። የከተማዋ ብቸኛ መለኪያ ነው፤ የፈታው ሰው ከሥራው ይባረራል። ግምቱ የተሳሳተ ከሆነ ደግሞ ሥራውንም፣ አንጓችንም፣ ስሙንም በአንድ ቀን ያጣል። ሦስት ቀን አሰበበት። በአራተኛው ቀን የከተማዋ ሹም ፊት ቀረበ።

ሹሙ ጉባኤውን በአያ ጎሹ ደጅ ጠሩ። ሽማግሌዎቹ በአንድ ወገን፣ ወጣቶቹ በሌላ ወገን ቆሙ። ድረስ ያየውን ሁሉ በዝርዝር ተናገረ።

«እንግዲህ ሁለት ነገር ነው ያለው» አለ በመጨረሻ። «ወይ አባቶቻችን በሙሉ ከድንበር አልፈዋል፤ ያን ጊዜ በየጎኑ ዘጠኝ ክንድ ይመለሳል። ወይ ገመዱ አጥሯል። የትኛው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ለማወቅ ግን ገመዱን መፍታት አለብኝ።»

ሹሙ ፊታቸው ጠቆረ። «የከተማውን ገመድ የፈታ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ ጌታዬ። ይባረራል።»

«ለምን ትፈታዋለህ ታዲያ?»

«ሰባቱን የቋጠርኩት እኔ ነኝ። ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።»

ሹሙ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። ዘጠኝ ክንድ ይመለሳል የሚለው ቃል ሽማግሌዎቹን እርስ በርስ አተያያቸው፤ የሹሙ የራሳቸው ግቢም ከአያ ውድነህ ቀጥሎ ያለው ነው። መጀመሪያ የተናገሩት አያ ጎሹ ናቸው።

«ፍታው!» አሉ። «ሌባ ተብዬ ከምሞት ገመዱ ይፈታ!»

ድረስ ተንበርክኮ መፍታት ጀመረ። የአሮጌው ሰውዬ ቋጠሮዎች በቀላሉ ተፈቱ። የራሱ ግን አስቸገሩት፤ ጥፍሩ እስኪደማ ታገላቸው። በስተመጨረሻ ገመዱ አሥራ ዘጠኝ ቁራጭ ሆነ። የመጀመሪያውን ቁራጭ ከአንደኛው የድንበር ድንጋይ አስጠግቶ መሬት ላይ አጋደመው። ሁለተኛውን ከጫፉ አስነክቶ አጋደመ። ሦስተኛውን። አራተኛውን። ሰዉ ከጎኑ ከጎኑ አብሮት ይራመዳል። ካሴ እንኳ መቀለዱን ትቷል። ገመዱ ያን ቀን ያለቀበትን ቦታ አለፉት። አሥራ ስምንተኛው ቁራጭ ሲያልቅ ድንጋዩ የአንድ እርምጃ ያህል ርቆ ቀረ። ድረስ የመጨረሻዋን አጭር ቁራጭ አነሣ፤ ሁለት ጊዜ አስተካከላት። ጫፏ ድንጋዩን ነካ።

አንጓች ከሴቶቹ መሃል «አባቴ፣ ነጻ ወጣህ» አለች፤ ሰዉም ሳቀ።

አያ ጎሹ ግን አልሳቁም። ወደ ድንጋዩ ጠጋ ብለው ሊቀመጡበት አሰቡና ተዉት። «እዚህ ላይ ተቀምጬ» አሉ፣ «እዚሁ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስንቱን ልጅ ሰነፍ፣ ቅምጥል ስል ኖርኩ። ሊፈርድላቸው የሚችለው ነገር ለካ ከሥሬ ነበር፤ አንድ ቀን ዞር ብዬ ብለካው ኖሮ...» ወደ ድረስ ዞረው «ያን ቀን የጮህኩብህን እርሳልኝ ልጄ» አሉት።

አያ ውድነህ ጥቂት ሊሟገቱ ሞከሩ። «ቢሆንስ፣ ዋጋው እኮ አልጨመረም!»

«ዋጋው አልጨመረም አያ» አለ ድረስ። «መሬቱ ነው የቀነሰው። እርስዎ በአንድ ጥማድ በሬ ዋጋ ሙሉ ቦታ ገዙ። እኛ በዚያው ዋጋ የምንገዛው ግማሹን ነው። ሠላሳ ክንድ የነበረው ጎን ሃያ አንድ ሆኗል፤ በአራቱም ጎን ስለሚያጥር ቦታው ተደማምሮ ግማሽ ገደማ ይሆናል። ሁለት ጊዜ አስልቼዋለሁ። አሁንም ቢሆን የሚጠራጠር ካለ አብረን እንለካ።»

የሚለካ አልተገኘም። ሹሙም በዚያው ቀን ፈረዱ። በገበያው መሃል ሁለት ድንጋይ ይተከላል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት እውነተኛው አንድ ገመድ ይሆናል። ገመዱ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ሕዝብ ባለበት ከድንጋዮቹ ጋር ይመሳከራል። የተበጠሰ ገመድ አይቋጠርም፤ አዲስ ይገመዳል። አጭር ቦታ ተሰጥቷቸው ቤት ላልሠሩ ሁሉ የጎደለባቸው ይሞላላቸዋል። ገመዱን የፈታው ሰው ምን ይሁን ተብሎ ሲጠየቅም ሹሙ «አዲሱን ገመድ እሱ ይግመደው» አሉ።

ጉባኤው ሲበተን ካሴ ድረስን ከኋላው መጥቶ አቀፈው።

«ጀግና! እንግዲህ ጥፋቱ የጠጁ አለመሆኑ ታወቀ። ና፣ በደስታ አንድ እንጠጣ!»

«ዛሬ እጠጣለሁ» አለ ድረስ። «ግን ካሴ፣ ያን ቀን የጠየቅከኝን ጥያቄ አሁን ልመልስልህ። እስከ ትናንት ድረስ ብትጠጣም ባትጠጣም ለውጥ አልነበረውም። ቤት ያልሠራኸው ጠጅ ስለጠጣህ አልነበረም። ከዛሬ ጀምሮ ግን ለውጥ አለው። ከዛሬ ጀምሮ የምትጠጣው ቤትህን ነው።»

ካሴ ብርሌውን ከያዘ በኋላ ይህ ነገር ትዝ አለው መሰል፣ ለወትሮው የሚጠጣውን ሳይጨርስ ወደ ቤቱ ሄደ። ወዲያው ተለወጠ ማለት አይደለም። በቀጣዩ ቅዳሜ አዲስ ኩታ ለብሶ ታይቷል። ነገር ግን በሁለተኛው ዓመት ከድረስ ቦታ ጎን አንድ ገመድ ገዛ፤ አንድ ብቻ፤ በቃውም።

ድረስ ቤቱን በሚያዝያ አቆመ፤ በግንቦት ከደነ። በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አንጓች የጭቃው ሽታ ገና ባልለቀቀው ቤት ውስጥ ሆና በበሩ ታየው ነበር። ድረስ በዝናቡ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ቤቱን ይዞራል። ጠፈጠፉ መሬቱ ላይ የሚቆፍራትን ቀጭን መስመር ተከትሎ ከመስመሩ እስከ ድንበሩ ያለውን በክንዱ ይለካል። በአራቱም ወገን ሦስት ሦስት ክንድ ይተርፈው ነበር።

«ገባ?» ብላ ጠየቀችው።

«ገብቷል» አለ። «ግን ልድገመው።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ድገመውና ግባ፤ በስብሰሃል!»

ድረስ ደገመው። ሦስት ክንድ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ሊለካ እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ኋላ ተወውና ቤቱ ገባ።

እነሆ እንግዲህ፣ ይህን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ሁለት ነገር ከልቡ ያኑር። ወጣት ሆኖ የማያባክን ጥቂት ነው፤ ካሴም ያባክን ነበር። ነገር ግን ያላባከነው ድረስም ልክ እንደ ካሴ ቤት አልባ ነበር። ሁለቱን እኩል ያደረገ ነገር ካለ ጥፋቱን በብርሌው ውስጥ ብቻ መፈለግ አይበቃም፤ ሰውን ከመመዘን በፊት የሚመዘንበትን መለኪያ መመርመር ያስፈልጋል። መለኪያው ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ ማመካኛ የለም፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ብርሌና እያንዳንዱ ኩታ ከራስ ቤት ላይ የሚነሣ ነው። ብዙ ጊዜ ታላላቆቻችን የመጀመሪያውን ይረሳሉ፤ እኛ ወጣቶቹ ሁለተኛውን እንረሳለን።

እርስዎስ? ልጅዎን ወይም ታናሽዎን «እኔ በአንተ ዕድሜ» ብለው ሲገሥጹ፣ ያኔ የለኩበት ገመድና ዛሬ እሱ የሚለካበት ገመድ ስንት ቋጠሮ እንደሚለያያቸው ቆጥረው ያውቃሉ?